የቧንቧ ውሃችን፦ ከነጩ ቅርፊት ይልቅ ጀሪካኑን እንፍራ



በመገናኛ፣ በሾላ፣ በኮተቤ፣ በካራና በፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትኖሩ እህቶችና ወንድሞች ወደ ፋርማሲ ስትመጡ ከመድኃኒት ቀጥሎ ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ስለ ውሃ ነው። አንዷ «ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየጋገረ ነው፤ ይኸው ነገር ኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር እየሠራ ይሆን?» ትላለች። ሌላው ወንድም «ውሃው ጠፍቶ ሲመለስ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ነው የሚወርደው፤ ክሎሪን አብዝተውበት ነው አይደል?» ይላል። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ እኔስ የቧንቧውን ትቼ ከእንጦጦ ምንጭ እያስቀዳሁ ነው የምጠጣው። እሱ ሲፈላ ምንም አይጥልም፣ ሳሙናም ወዲያው ነው የሚይዝለት» ብለው አጫውተውኛል።

ሦስቱም ጥያቄዎች ከአንድ ስጋት የመነጩ ናቸው። በዓይን የሚታየው ነጭ ነገር ያስፈራል፤ የማይታየው ግን አያስፈራም። በፋርማሲ የማየው ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ነጩን ቅርፊት ፈርታ መድኃኒት የጠየቀች እንጂ በነጩ ቅርፊት የታመመ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በክረምት በተቅማጥ የደከመ ሕፃን ታቅፋ የምትመጣ እናት ግን በየሳምንቱ አለች።

ጠንካራ ውሃና ለስላሳ ውሃ

ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። መሬት ውስጥ ሰርጎ በአለት መካከል ሲጓዝ ግን ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉ ማዕድናትን እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። እነዚህ ሁለቱ የበዙበት ውሃ «ጠንካራ»፣ ያነሱበት ደግሞ «ለስላሳ» ይባላል። ልኩ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሚሊግራም ይነገራል። እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ እስከ 120 መካከለኛ፣ እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ ያለው በጣም ጠንካራ ነው። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ እስከ 300 ይፈቅዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለውሃ ጥንካሬ ጤናን መነሻ ያደረገ ገደብ ጨርሶ አላስቀመጠም፤ ይጎዳል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘምና።

ጠንካራ ውሃ ሳሙና ይበላል፣ አረፋ ቶሎ አይሰጥም፣ ልብስም ያደርቃል። ሲሞቅ ደግሞ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ተለውጦ በማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ይህ ካልሲየም ካርቦኔት ምንድን ነው ብትሉ የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበት ነገር ነው። የበሃ ድንጋይም እሱው ነው። ሐኪም ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚያዘውና እኛ በእንክብል የምንሸጠው ካልሲየምም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ራሱ ነው። እንግዲህ በማንቆርቆሪያው የሚያስፈራን ነገር በእንክብል ሲሆን በገንዘባችን የምንገዛው ነው ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ውሃው ፈልቶ ነጭ ብናኝ ከጣለ በኋላ የቀረው ውሃ ከመጀመሪያው ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ምክንያቱም ካልሲየሙ ወጥቶ ታች ወርዷል። ብናኙን አዝቅጦ ከላይ መቅዳት ነው እንጂ ውሃውን መድፋት አያስፈልግም። ማንቆርቆሪያውን ለማጽዳት የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ከውሃ ጋር ቀላቅሎ ማፍላት፣ ጥቂት አቆይቶ መድፋትና ደጋግሞ ማለቅለቅ ይበቃል። በሽቦ መፋቅ ዕቃውን ያበላሸዋል።

የየካ ውሃ ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባና እንጦጦ በውሃ ጉዳይ የቆየ ታሪክ አላቸው። የምኒልክ ከተማ ከእንጦጦ ራስ ወደ ታች ወደ ፍልውሃው ሜዳ የወረደችበት አንዱ ምክንያት ላይ ያለው ብርድና የውሃ እጥረት ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተዳፋት በቧንቧ ውሃ አውርዶ ቤተ መንግሥት አስገባ። ከተማዋ ስትሰፋ በምዕራብ በኩል ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ በኩል ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድሬ ተገድበዋል። የካና ምሥራቁ የከተማው ክፍል በዋነኛነት የሚጠጣው ከለገዳዲ ወገን የሚመጣውን ነው።

የግድብ ውሃ ከዝናብ ጎርፍ የተጠራቀመ ስለሆነ ከአለት ጋር ብዙ አልቆየም፤ በጠባዩ ወደ ለስላሳው ያደላል። የለገዳዲ ችግር ጥንካሬ ሳይሆን ድፍርስነት ነው። ከአካባቢው ማሳ ታጥቦ የሚገባው ደቃቅ ጭቃ በራሱ አይዘቅጥም፤ ስለዚህ በማጣሪያ ጣቢያው በኬሚካል ተጓጉሎ እንዲወርድ ይደረግና ተጣርቶ በክሎሪን ይታከማል።

ወዲህ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ተጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የለገዳዲ ሁለተኛ ምዕራፍ የጥልቅ ጉድጓድ ፕሮጀክት በቀን 86 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ነው። የጉድጓድ ውሃ ከአለት ጋር የቆየ ስለሆነ ከግድቡ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። «ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ አሁን ነው ማንቆርቆሪያው የሚነጣው» የምትሉ እህቶች ዓይናችሁ አላታለላችሁ ይሆናል፤ ይህ ማለት ግን ውሃው ተበላሸ ማለት አይደለም። በደቡብ በኩል አቃቂ አካባቢ ከጥንትም የጉድጓድ ውሃ ስለሚበዛ፣ ከየካ ወደ አቃቂ ቃሊቲ በትዳር የሄደች ልጅ ልዩነቱን በመጀመሪያው ወር በሻይ ማንቆርቆሪያዋ ላይ ታየዋለች።

በማዕድን ምክንያት እውነተኛ ጉዳት ያለበት ውሃ በሀገራችን የለም ማለቴ አይደለም። በስምጥ ሸለቆው ወንጂን በመሳሰሉ ቦታዎች ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የስንቱን ጥርስ እንዳቡነነ፣ አጥንትም እንዳጎበጠ ይታወቃል። የፍሎራይድ ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፍሎራይድ ግን ቀለምም፣ ጣዕምም፣ ቅርፊትም የለውም፤ ውሃ በማፍላትም አይጠፋም። የሚታየው ነገር መለኪያ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ወተት የመሰለው ውሃስ? እንደ ወተት ነጥቶ የሚወርደውን ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ ከጠራ አየር ነው። ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲቆይ የገባው አየር በግፊት ተሰባብሮ ከውሃው ጋር ይወጣል። ክሎሪን በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነጭ ቀለም አይሰጥም፤ የሚታወቀው በሽታው ነው። በብርጭቆው ታች ዝቃጭ ከቀረ ግን ጭቃ ወይም የቧንቧ ዝገት ነውና ያን ውሃ ለመጠጥ አትጠቀሙበት።

ኩላሊት፣ ልብና ፀጉር

የኩላሊት ጠጠር ትልቁ ምክንያት ውሃ አለመጠጣት ነው እንጂ የውሃው ካልሲየም አይደለም። እንዲያውም ከምግብ የሚገኘው ካልሲየም ሲያንስ አንዱ የጠጠር ዓይነት እንደሚበዛ በጥናት ታይቷል። ካልሲየም በአንጀት ውስጥ ኦክሳሌት ከሚባለው ነገር ጋር ተጣብቆ ከሰገራ ጋር ስለሚያስወጣው ነው። ስለዚህ ጠጠር የሚፈራ ሰው የቧንቧ ውሃ መሸሽ ሳይሆን አብዝቶ መጠጣት ይገባዋል። በተለይ በረመዷን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ሆድ እስኪነፋ ሳይሆን ከፋፍሎ መጠጣት። ጠጠር ወጥቶለት የተመረመረ ሰው ግን የሐኪሙን ምክር ይከተል፤ የጠጠሩ ዓይነት ይለያያል።

ስለ ልብ ሕመም በልዩ ልዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች ጠንካራ ውሃ በሚጠጡ ሰዎች ዘንድ የልብ ሞት በመጠኑ አንሶ እንደታየ ጠቁመዋል። ምክንያቱ ግን በእርግጠኝነት አልተረጋገጠምና «ለልብ ጠንካራ ውሃ ጠጡ» አልልም። ቆዳን በተመለከተ ጠንካራ ውሃ ሳሙናን በቆዳ ላይ ስለሚያስቀር ማድረቁ እውነት ነው፤ ቅባት መቀባት ይረዳል። በእንግሊዝ ኤክዜማ ባለባቸው ሕፃናት ላይ በተደረገና በ2003 ዓ.ም. በታተመ ሙከራ ግን ቤት ውስጥ ውሃ ማለስለሻ መትከል ለሕመሙ የተለየ ጥቅም አላሳየም። ፀጉርን ከሥሩ ይነቅላል የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ የለም። ፀጉሯ የሚረግፍባት እህት የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ብትመረመር ይሻላታል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ማንቆርቆሪያው ነጣ ብሎ የሚፈራው ሰው ሆዱን ሲነፋው አምቦ ውሃ ይጠጣል። አምቦ የማዕድን ውሃ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ሞልቶታል፤ ሶዲየምም ስላለው የደም ግፊት ያለበት ሰው በልክ ሊያደርገው ይገባል። ከሐጅና ከዑምራ የሚመጣልን በረካ ያለው የዘምዘም ውሃም ማዕድን የበዛበት ነው፤ ማንም በማንቆርቆሪያ አይሞክረውም እንጂ ቢፈላ ቅርፊት ይጥል ነበር።

የእንጦጦ ምንጭ

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። የእንጦጦ ተራራ የጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከላዩ የሚፈልቁት ትንንሽ ምንጮች ከዝናብ ብዙም ሳይርቁ፣ በአለቱም ውስጥ ብዙ ሳይቆዩ ይወጣሉ። ስለዚህ ለስላሳ ናቸው፤ ሳሙና ይይዝላቸዋል፣ ቅርፊት አይጥሉም፣ ጣዕማቸውም ቀለል ያለ ነው። እናታችን ያዩት ትክክል ነው።

ነገር ግን ያዩት ልስላሴውን ነው፤ ንጽሕናውን አይደለም። መሬት ውስጥ ብዙ ያልቆየ ውሃ ማዕድን ለመያዝ ጊዜ እንዳላገኘ ሁሉ ከጀርም ለመጣራትም ጊዜ አላገኘም። ከምንጩ በላይ ሰው ይኖራል፣ ከብትና አህያ ይውላል፣ ሜዳ ላይም የሚጸዳዳ አለ። ዝናብ ሲዘንብ ያ ሁሉ ታጥቦ ይወርዳል። ምንጩ በግንብ ካልታጠረና በላዩ የጎርፍ መከላከያ ቦይ ካልተቆፈረ ክሎሪን የሌለበት የሜዳ ውሃ ነው። ከዚያው ተራራ ወርዶ በቤላና በፈረንሳይ በኩል የሚያልፈው የቀበና ወንዝ ላይ ሲነሣ ምን እንደሚመስል፣ ታች ሲደርስ ምን እንደሚሆን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ለእናታችን የነገርኳቸው ይህን ነው። የምንጩን ውሃ ከወደዱት ይጠጡት፤ ግን አፍልተው።

በሽታ የሚገባበት በር

ከማጣሪያ ጣቢያው የሚወጣው ውሃ የታከመ ነው። ታዲያ በሽታው የት ገባ? ሁለት በሮች አሉት።

አንደኛው ፈረቃ ነው። ቧንቧ ዘወትር በግፊት የተሞላ ከሆነ በስንጥቁ ውሃ ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ከውጭ አይገባም። ውሃው ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይወርዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ቧንቧው እንደሚምግ አፍ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በአሮጌው ቧንቧ ዙሪያ ያለው የጎርፍ፣ የሽንት ቤትና የፍሳሽ እርጥበት በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሳባል። የካ ደግሞ ተራራማ ነው። ታች መገናኛ ውሃ ሲኖር ላይ እንጦጦ ግርጌ ያለው ቤት ደረቅ ይሆናል፤ ብዙዎቻችሁ ሌሊት ተነሥታችሁ ነው የምትቀዱት። ስለዚህ ውሃው ሲመለስ የመጀመሪያውን አትጠጡት። እስኪጠራ ድረስ በባልዲ ተቀብላችሁ ለወለልና ለሽንት ቤት አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጠጥና ለምግብ ቅዱ።

ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ትልቁ፣ በቤታችን ውስጥ ያለው ጀሪካን ነው። ንጹሕ ውሃ ተቀድቶበት ሦስት አራት ቀን ይቀመጣል። በውሃው ውስጥ የነበረው ጥቂት ክሎሪን በቀናት ውስጥ ያልቃል። በጀሪካኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚያዳልጥና አረንጓዴ የሚመስል ነገር ይይዛል፤ ያ የጀርም ሰፈር ነው፤ ላዩን ብቻ ማለቅለቅ አያነሣውም። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም። ክዳኑ የጠፋ ከሆነ በጨርቅ ወይም በፌስታል ይደፈናል። በርሜል ከሆነ ደግሞ በጆግ ይጨለፋል፤ ጆጉን የያዘው የልጅ እጅ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል?

ጀሪካን የሚታጠበው እንዲህ ነው። ጥቂት ንጹሕ ጠጠርና አሸዋ ከሳሙና ውሃ ጋር ጨምሮ በደንብ መናጥ፣ ደፍቶ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በረኪና በውሃ አቅጥኖ ሞልቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ደፍቶ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሞ ማለቅለቅ። ይህን በየሳምንቱ። የመጠጥ ውሃ ጀሪካን ለብቻው ይሁን፤ ናፍጣ ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ታጠበም አልታጠበ ለመጠጥ አይሆንም። ሲቀዳም ከጀሪካኑ አዘንብሎ ነው፤ ወይም ቧንቧ የተገጠመለት ዕቃ መግዛት ነው።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ክረምትና በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሁላችንም «አተት» የምንለው፣ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። የ2008ቱ ከረመዷን ጋር የገጠመ ስለነበር ቀኑን ጾሞ የዋለ ሰው ማታ በተበከለ ውሃ ሲያፈጥር ምን ዓይነት አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ማሰብ ይቻላል። ሰውነቱ ቀድሞውኑ ውሃ አንሶታል። ታይፎይድ፣ አሜባና ጃርዲያ ደግሞ ወረርሽኝ ሳይባሉ ዓመቱን ሙሉ አብረውን አሉ።

ጠሃራና ጤና

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር አለ። «ለውዱእ የሚሆን ውሃ እንዴት ለመጠጥ አይሆንም?» የሚል ወንድም አጋጥሞኛል። ፈትዋ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ መድረሳ የተማርነውን ብቻ ላስታውስ። በሻፊዒይ መዝሀብ ሁለት ቁላ የደረሰ ውሃ፣ ነጃሳ ቢገባበት እንኳ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው እስካልተለወጠ ድረስ ነጃሳ አይሆንም። ዑለሞች ሁለቱን ቁላ በዘመናችን መለኪያ ወደ 200 ሊትር ገደማ ይገምቱታል። በመኖሪያ ሰፈሮቻችን የሚታየው ሮቶ 1 ሺህ ሊትርና ከዚያ በላይ ነው፤ ስለዚህ ከልኩ በብዙ ይበልጣል። እንዲሁም በተፈጥሮው በሚፈስበትና በሚቀመጥበት ቦታ ባለው አፈርና ማዕድን የተለወጠ ውሃ አጥሪነቱን አያጣም። ስለዚህ ጠንካራ ውሃም ሆነ የለገዳዲው ጭቃ ለውዱእ ችግር የለበትም።

ነገር ግን ፊቅሁ የተናገረው ስለ ዒባዳ ነው። ኮሌራ የሚያመጣው ጀርም በሮቶ ውሃ ውስጥ ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ ሳይለውጥ ሊኖር ይችላል። ሶላታችን በዚያ ውሃ ይስተካከላል፤ ሆዳችን ግን አይስተካከልም። ለዚህም ነው ሸሪዓችን ጤናችንን ለብቻው የጠበቀልን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማታ ዕቃዎችን እንድንከድን፣ የውሃ አቁማዳውን አፍ እንድናስር አዝዘዋል፤ በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን፣ በመጠጫ ዕቃ ውስጥ መተንፈስንም ከልክለዋል። ጀሪካን ክዳን ይኑረው ስል አዲስ ነገር አላመጣሁም። ወላሁ አዕለም።

ማፍላትና ማከም

ውሃ ማፍላት አሁንም ከሁሉ የሚታመን ዘዴ ነው። እኛ ግን ከፍታ ላይ ነን። በባሕር ጠለል ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ 90 ሳይሞላ ይፈላል። ይህም ቢሆን ጀርሞቹን ይገድላል፤ ጊዜ ግን መስጠት ያስፈልጋል። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ለምንኖር ሰዎች የሚመከረው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። «ጢስ ብሏል፣ ይበቃል» ማለት አይሆንም። የፈላውን ውሃ በታጠበና በተከደነ ዕቃ ማቀዝቀዝ ነው፤ ቀዝቅዞ ባልታጠበ ጀሪካን ውስጥ ከተገለበጠ ከሰሉ በከንቱ ነደደ።

ማገዶና መብራት የሚያስቸግረው ሰው በፋርማሲ የሚሸጡትን እንደ ውሃ አጋር ያሉ የክሎሪን ፈሳሾች ወይም የውሃ ማከሚያ እንክብሎች ይጠቀም። መጠኑ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ጨምሮ፣ በጥብጦ፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ አዝቅጦ በንጹሕ ነጠላ ማጥለል ያስፈልጋል፤ ክሎሪን በጭቃ ላይ ይባክናልና። በረኪናን ለመጠጥ ውሃ ማከሚያነት አልመክርም፤ ጥንካሬው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ ሽቶ የተጨመረበትም አለ። እሱ ለዕቃ ማጠቢያ ይሁን።

ስለ ማለስለሻ መሣሪያ የምትጠይቁም አላችሁ። ካልሲየሙን አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም የሚያስገባው ዓይነት ለደም ግፊት ሕመምተኛና ለጡጦ ሕፃን የማይመከር ነው፤ ጀርምም አይገድልም። በየካ ውሃ ላይ ለዚህ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ገንዘቡን ክዳንና ቧንቧ ባለው ጥሩ የውሃ ዕቃ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

ለመድኃኒት የምንጠቀምበት ውሃ

ለሕፃናት የሚታዘዘው ዱቄት አንቲባዮቲክ ቤት ሲበጠበጥ ውሃው የፈላና የቀዘቀዘ መሆን አለበት። በቀጥታ ከጀሪካን የተቀዳ ከሆነ ለበሽታው መድኃኒት ስንሰጥ ሌላ በሽታ አብረን እንሰጣለን። ትኩስ ውሃ ደግሞ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። ጠርሙሱ ላይ እስከተሠመረው መሥመር ድረስ ብቻ ይሞላ።

በተቅማጥ ጊዜ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ (ብዙ እናቶች ለምለም የሚሉት) አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል። ልኩን ለማግኘት የአንድ ሊትር ሃይላንድ አጥባችሁ ተጠቀሙ። ቅመሙ እንዲጠነክር ብሎ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ጨው ይበዛበታል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ። አብሮ የሚሰጠው ዚንክ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚሊግራም ነው። ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሙላ። «ሲፕሮ ስጪኝ፣ ባለፈው ጊዜ አድኖታል» እያላችሁ ያለ ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አትግዙ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም ደም የተቀላቀለ ሰገራ ያለው ሕፃን ወደ ፋርማሲ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት ጋር አይወሰዱም ስንል ካልሲየሙ መድኃኒቱን ስለሚይዘው ነው። «ጠንካራ ውሃስ?» ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ በአንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ 300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለ። ጥንካሬው 100 በሆነ ውሃ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ግን 10 ሚሊግራም ብቻ ነው። በቧንቧ ውሃ ዋጡት።

መስጂዶቻችን

ውሃ ማጠጣት ከሰደቃዎች ሁሉ የላቀ ቦታ አለው። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው በሞቱ ጊዜ የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ጠይቀው የተመለሰላቸው ውሃ እንደነበር እናውቃለን። በዚህ ኒያ ጀመዓው ተዋጥቶ በመስጂድ ግቢ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ሮቶና ማቀዝቀዣ መትከል እየተለመደ ነው፤ አላህ ይቀበላቸው። ታዲያ ሰደቃው እንዳይበላሽ የሚያስፈልጉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ጉድጓዱ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከሽንት ቤቱም በላይ በኩል ይሁን እንጂ በተዳፋቱ ታች አይሁን። ውሃው ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት በላቦራቶሪ ይመርመር፤ ለጀርም ብቻ ሳይሆን ለናይትሬትም። ናይትሬት ከሽንት ቤት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል፣ በማፍላት አይወጣም፣ ከ6 ወር በታች ያለ የጡጦ ሕፃን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ገደቡ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ጎረቤት ለልጁ ጡጦ ከመስጂድ ቧንቧ ቀድቶ እንደሚሄድ አትርሱ።

በማቀዝቀዣው ላይ በሰንሰለት የታሰረችው አንዲት ኩባያ ደግሞ ትነሣ። ከመቶ ሰው አፍ የወጣች ኩባያ ናት። ሰው የራሱን ሃይላንድ ይዞ ይምጣ፣ ወይም መስጂዱ ታጥበው የሚመለሱ ብዙ ኩባያዎች ያዘጋጅ። ውዱእ ሲደረግ ቧንቧውን ከፍቶ ማውራትም ይቅር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ፣ ውዱእ ያደርጉ ነበር። በፈረቃ የተሞላ ሮቶ ከዙህር በፊት የሚያልቀው በሌላ ምክንያት አይደለም።

ሮቶውን ለማጠብ የሻዕባን ወር አመቺ ነው፤ ረመዷን ሳይገባና ጀመዓው ሳይበዛ። ውሃው ተደፍቶ፣ ታች የተጋገረው ጭቃ በብሩሽ ተፍቆ ወጥቶ፣ ግድግዳው በቀጠነ በረኪና ታጥቦ ይለቅለቅ፤ ክዳኑ ይገጠም፣ የአየር መተንፈሻውም ወፍና ነፍሳት እንዳያስገባ በወንፊት ይሸፈን። ከታጠበ በኋላ የመጀመሪያውን ሙሌት ለውዱእና ለመጸዳጃ ቤት ተጠቅሞ መጨረስ፣ ከሁለተኛው ሙሌት ጀምሮ ለመጠጥ ማዋል ነው።